ታይፔ እና ሻንጋይ፦ ያልተለወጠው ርቀት፣ የተለወጠው የበረራ ጊዜ

በታይፔ እና በሻንጋይ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት ዘመናዊ የመንገደኞች አውሮፕላን በቀጥታ ሲበር በ80 ደቂቃ ገደማ ይሸፍነዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ ከአንዱ ከተማ ተነስቶ ሌላው ለመድረስ የፈለገ አብዛኛው መንገደኛ በሶስተኛ ቦታ አርፎ፣ አውሮፕላን ቀይሮና ጠብቆ የሥራ ቀኑን በጉዞ ይጨርስ ነበር።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ምድርና ባህር በእነዚህ ዓመታት አልጠበበም። አውሮፕላኖቹም ከቀድሞዎቹ ጎልቶ በሚታይ መጠን ፈጣኖች አልሆኑም። የተለወጠው የበረራው መስመርና መስመሩን የሚፈቅደው ስምምነት ነው። ከዚህ አኳያ የታይፔ እና የሻንጋይ መስመር የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ አንድ አለመሆናቸውን፣ በሁለቱ መካከል የሚገቡት ጉዳዮችም ምን እንደሆኑ በግልጽ ከሚያሳዩ የእስያ መስመሮች አንዱ ነው። በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርቀቱ እንዴት ይለካል?

በሁለት ከተሞች መካከል ያለ የአየር ርቀት የሚባለው በምድር ገጽ ላይ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ይህ መስመር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሰመር አብዛኛውን ጊዜ ጎብጦ ይታያል። በተለይም ከምስራቅ ወደ ምዕራብ በሚደረጉ ረጃጅም ጉዞዎች በካርታው ላይ ቀጥ ያለ የሚመስለው መስመር ረጅሙ፣ የጎበጠው ደግሞ አጭሩ ሆኖ ይገኛል።

ታይፔ እና ሻንጋይ ግን ለስሌት የተመቹ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም በ121ኛው ዲግሪ ምስራቅ ኬንትሮስ አካባቢ የሚገኙ ሲሆን አንዱ በደቡብ፣ ሌላው በሰሜን ይገኛል። ታይፔ 25ኛውን ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ሻንጋይ ደግሞ 31ኛውን ዲግሪ በጥቂቱ አልፈው ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከስድስት ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ሁለቱን በማባዛት ወደ 680 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውጤት ማግኘት ይቻላል። ይኸው ርቀት በአቪዬሽን መለኪያ 367 ኖቲካል ማይል፣ በተለመደው ማይል ደግሞ 423 ማይል ያህል ይሆናል።

ሁለቱም ከተሞች ሁለት ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች አሏቸው። በታይፔ በኩል ታኦዩዋን እና ሶንግሻን፣ በሻንጋይ በኩል ደግሞ ፑዶንግ እና ሆንግቻኦ ይገኛሉ። ከየትኛው ተነስቶ በየትኛው ቢታረፍ በአየር ርቀቱ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ከአስር ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመሬት ላይ በሚደረገው ጉዞ ግን የአውሮፕላን ማረፊያው ምርጫ ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል። ይህም ወደ ኋላ ተመልክቷል።

የርቀቱን መጠን ለኢትዮጵያ አንባቢ ለማመልከት ያህል፣ ከአዲስ አበባ አስመራ ያለው የአየር ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እንደ ታይፔ እና ሻንጋይ ሁሉ ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር አካባቢ በደቡብና በሰሜን ይገኛሉ።

የስሌቱ ሰዓትና የቲኬቱ ሰዓት

የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን በከፍታ ላይ ሲበር በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 680 ኪሎ ሜትር ለዚህ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው 48 ደቂቃ ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆየው ግን 80 ደቂቃ ያህል ሲሆን በቲኬቱ ላይ የሚሰፍረው ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይደርሳል። ሶስቱ ቁጥሮች የተለያዩት አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ የሚለካው የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር አውሮፕላኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሙሉ ፍጥነት እንደሚበር የሚገምት ነው። በተግባር ግን አውሮፕላን ከምድር ተነስቶ ወደ መደበኛ ከፍታው ለመውጣት፣ ከዚያም ለማረፍ ቀስ በቀስ ለመውረድ በርካታ ደቂቃዎችን በዝቅተኛ ፍጥነት ያሳልፋል። በአጭር መስመር ላይ መውጣቱና መውረዱ የበረራውን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳሉ። በዚህም ምክንያት የአጭር በረራ አማካይ ፍጥነት ከረጅም በረራ አማካይ ፍጥነት ሁልጊዜም ያነሰ ነው። በ680 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የተገኘውን ጊዜ በማባዛት የ6 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር በረራን ጊዜ ለመገመት የሚሞክር ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

ከዚህም በተጨማሪ አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ፊቱን በቀጥታ ወደ መድረሻው አያዞርም። ማኮብኮቢያው በየትኛው አቅጣጫ እንደተዘረጋና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ተመልክቶ ይነሳል። ከዚያም ለመውጫ የተመደበለትን መስመር ይከተላል፤ ሊያርፍ ሲልም ከሌሎች ጋር ተራ ይዞ ወደ ማረፊያው ይቀርባል። እንደ ሻንጋይ ባለ የአየር ትራፊክ በሚበዛበት ከተማ ይህ ብቻውን በርካታ ደቂቃዎችን ይጨምራል።

በቲኬት ላይ የሚሰፍረው ጊዜ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሻው በር ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው በር እስከሚቆምበት ድረስ ያለውን ይሸፍናል። በመሬት ላይ እየተንከባለለ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት፣ የመነሻ ተራውን የሚጠብቅበትና ካረፈ በኋላ ወደ መቆሚያው የሚደርስበት ጊዜ ይታሰብበታል። አየር መንገዶች ለመዘግየት የሚሆን ተጨማሪ ደቂቃም ያክሉበታል። በመሆኑም ጉዞን ለማቀድ የሚያገለግለው የቲኬቱ ሰዓት እንጂ ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል የሚገኘው ቁጥር አይደለም።

የነፋስ አቅጣጫ

በምስራቅ እስያ ሰማይ ላይ በተለይም በክረምት ወራት ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የተባለ ኃይለኛ የአየር ፍሰት አለ። ይህ ፍሰት አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን በጃፓን አቅራቢያ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከሻንጋይ ወደ ቶኪዮ የሚበር አውሮፕላን ይህ ነፋስ ከኋላው ስለሚገፋው ፈጥኖ ይደርሳል። ከቶኪዮ ወደ ሻንጋይ ሲመለስ ግን ነፋሱ ከፊት ስለሚገጥመው በዚያው ርቀት ላይ ተጨማሪ ጊዜ ይወስድበታል።

በታይፔ እና በሻንጋይ መካከል የነፋሱ ተጽዕኖ ከዚህ የተለየ ነው። መስመሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ በመሆኑ ነፋሱ የሚነፍሰው በአብዛኛው ከጎን ነው። በመሆኑም የሄደውና የተመለሰው በረራ የሚወስዱት ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ለአሥርተ ዓመታት የታየው የሰዓታት ልዩነት በተፈጥሮ ምክንያት የመጣ እንዳልነበረ ይህ ያስረዳል።

መስመሩ የተዘጋበት ዘመን

የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት በ1949 ሲያበቃ በቤጂንግ የቻይና ህዝባዊ ሪፐብሊክ ተመሰረተ። የተሸነፈው የኩሚንታንግ ፓርቲ አመራር ከሠራዊቱና ከደጋፊዎቹ ጋር ወደ ታይዋን ተሻገረ። በዚያ ወቅት የታይዋንን ወሽመጥ ያቋረጡት ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ ወላጆቻቸውን፣ የትዳር ጓደኞቻቸውንና ልጆቻቸውን በዋናው ምድር ትተው የሄዱ ወታደሮች ነበሩ። ብዙዎቹም መለያየቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በወሽመጡ ሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ የአየር፣ የባህርና የፖስታ ግንኙነት ተቋረጠ። ለ38 ዓመታት ያህል ከታይዋን ወደ ዋናው ምድር ለቤተሰብ ጥየቃ መጓዝ የተከለከለ ነበር። በታይፔ የነበረው አስተዳደር ክልከላውን በማላላት በዋናው ምድር ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች የጉዞ ማመልከቻ እንዲያቀርቡ የፈቀደው በኅዳር ወር 1987 ነው። በወጣትነታቸው የተሻገሩት ወታደሮች በዚያን ጊዜ በእርጅና ዕድሜ ላይ የነበሩ ሲሆን ከመካከላቸው እናትና አባታቸውን በሕይወት ለማግኘት ያልታደሉት ብዙ ናቸው።

ይሁንና የተፈቀደው ጉዞው እንጂ ቀጥታ መስመሩ አልነበረም። የአየር ክልልን በሚመለከት ዓለም አቀፉ ሥርዓት የተመሰረተው በታኅሣሥ 1944 በችካጎ ከተማ በተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ላይ ነው። የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል። መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራም ያለ ፈቃድ እንደማይካሄድ ይኸው ስምምነት ያመለክታል። በአብዛኛው ዓለም አገሮች የበረራ መብትን የሚሰጣጡት በሁለትዮሽ ስምምነት ነው። በወሽመጡ ሁለት ወገኖች መካከል ግን በረራው እንደ አገር ውስጥ ወይስ እንደ ዓለም አቀፍ በረራ ይቆጠር የሚለው ጥያቄ ራሱ አከራካሪ ስለነበር እንዲህ ያለውን ስምምነት በተለመደው መንገድ መፈረም አልተቻለም።

በሆንግ ኮንግ በኩል የሚደረግ ጉዞ

ቀጥታ መስመር ባለመኖሩ መንገደኞች በአብዛኛው የሚጓዙት በሆንግ ኮንግ በኩል ነበር። የማካኦ አውሮፕላን ማረፊያ በ1995 ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በዚያም በኩል ማለፍ ተችሏል። ከታይፔ ሆንግ ኮንግ ያለው ርቀት 805 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አቅጣጫውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከሆንግ ኮንግ ሻንጋይ ደግሞ ወደ ሰሜን ምስራቅ 1 ሺህ 255 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ ሰሜን መሄድ የፈለገው መንገደኛ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይበራል፤ ከዚያም የተወውን ሰሜን ፍለጋ ተመልሶ ይጓዛል ማለት ነው።

ሁለቱ ጉዞዎች ሲደመሩ 2 ሺህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ይህም ከቀጥታው ርቀት ሶስት እጥፍ ነው። የጊዜው ልዩነት ግን ከርቀቱም ልዩነት ይበልጥ ነበር። ከታይፔ ሆንግ ኮንግ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ ከሆንግ ኮንግ ሻንጋይ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በመካከሉ የሚቀጥለውን አውሮፕላን ለመጠበቅ የሚጠፋው አንድ፣ ሁለት ወይም ሶስት ሰዓት ሲታከልበት ጉዞው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይደርሳል። ከመነሻው በፊት ለምዝገባና ለፍተሻ የሚያስፈልገው ጊዜ፣ እንዲሁም በሁለቱም ከተሞች ያለው የመኪና ጉዞ ሲጨመር ከጠዋት እስከ ማታ የሚዘልቅ ይሆን ነበር።

ይህ ሁኔታ ቤተሰብ ጠያቂዎችን ብቻ ሳይሆን ነጋዴዎችንም ይመለከት ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በርካታ የታይዋን ኩባንያዎች በሻንጋይና በአካባቢዋ፣ በተለይም በኩንሻን ከተማ ፋብሪካዎችን ከፍተው ነበር። ሥራ አስኪያጆችና መሐንዲሶች ለአንድ ቀን ስብሰባ ሁለት ቀን በጉዞ ያጠፋሉ። በአንጻሩ ሆንግ ኮንግ በዚህ መተላለፊያነቷ ተጠቃሚ የነበረች ሲሆን የሆንግ ኮንግ - ታይፔ መስመርም በዓለም ከፍተኛ መንገደኛ ከሚጓጓዝባቸው ዓለም አቀፍ መስመሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ደረጃ በደረጃ የተከፈተ መስመር

መስመሩ የተከፈተው በአንድ ጊዜ ውሳኔ ሳይሆን በስድስት ዓመታት ውስጥ በተወሰዱ ተከታታይ እርምጃዎች ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ በጥር 2003 የቻይና አዲስ ዓመት በዓልን ምክንያት በማድረግ የተደረገው የቻርተር በረራ ነው። በዚህ ጊዜ እንዲበሩ የተፈቀደላቸው ስድስት የታይዋን አየር መንገዶች ብቻ ሲሆኑ መንገደኞቹም በዋናው ምድር የሚሠሩ የታይዋን ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። አውሮፕላኖቹ በሆንግ ኮንግ ወይም በማካኦ ማረፍ ይጠበቅባቸው ነበር። መንገደኛው አውሮፕላን መቀየሩ ቀረለት እንጂ መስመሩ አላጠረም። ያም ሆኖ ጥር 26 ቀን 2003 በሻንጋይ ፑዶንግ ያረፈው የታይዋን አውሮፕላን ከ1949 ወዲህ በሕጋዊ ፈቃድ በዋናው ምድር ያረፈ የመጀመሪያው የታይዋን የንግድ አውሮፕላን በመሆኑ በታሪክ ተመዝግቧል።

ሁለተኛው እርምጃ የተወሰደው በጥር 2005 ነው። በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ስድስት ስድስት፣ በድምሩ 12 አየር መንገዶች 48 በረራዎችን እንዲያደርጉ ተፈቀደ። በመካከል ማረፍም ቀረ። ሆኖም አውሮፕላኖቹ ወሽመጡን በቀጥታ ማቋረጥ ስላልተፈቀደላቸው በሆንግ ኮንግ የበረራ መቆጣጠሪያ ክልል ውስጥ ገብተው መውጣት ነበረባቸው። በዚህም የታይፔ - ሻንጋይ በረራ ማረፊያ ሳይኖረው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር።

ሶስተኛው እርምጃ ከግንቦት 2008 የታይዋን አስተዳደር ለውጥ በኋላ የመጣ ነው። በወሽመጡ ሁለት ወገኖች የተቋቋሙትና በመንግስታት ስም ሳይሆን በማህበር ስም የሚደራደሩት ሁለት ተቋማት ሰኔ 13 ቀን 2008 በቤጂንግ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህም መሰረት ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ጀምሮ ከዓርብ እስከ ሰኞ ድረስ የሚደረጉ የቻርተር በረራዎች ተጀመሩ። በረራዎቹም ለነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ለጎብኚዎችና ለሌሎች መንገደኞች ክፍት ሆኑ። ይሁንና አውሮፕላኖቹ አሁንም በሆንግ ኮንግ የመቆጣጠሪያ ክልል በኩል ይዞሩ ነበር።

የበረራ ጊዜውን በተጨባጭ የለወጠው አራተኛው እርምጃ ነው። የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎች ቺያንግ ፒንኩን እና ቼን ዩንሊን ኅዳር 4 ቀን 2008 በታይፔ የተፈራረሟቸው ስምምነቶች ወሽመጡን በሰሜን በኩል በቀጥታ የሚያቋርጥ አዲስ መስመር እንዲከፈት አስችለዋል። ስምምነቱ ከታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የታይፔ እና የሻንጋይ የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከላት አውሮፕላኖችን በቀጥታ መቀባበል ጀመሩ። በረራዎቹም ዕለታዊ ሆነው በሳምንት 108 ደረሱ። የታይፔ - ሻንጋይ የበረራ ጊዜ በዚያን ዕለት ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሶ 80 ደቂቃ ያህል ሆኗል።

በመጨረሻም በሚያዝያ 2009 በናንጂንግ በተደረሰ ተጨማሪ ስምምነት ከነሐሴ 31 ቀን 2009 ጀምሮ የቻርተር በረራዎቹ ወደ መደበኛ በረራ ተሸጋግረዋል። የሳምንቱ የበረራ ቁጥርም ወደ 270 ከፍ ብሏል። በቻርተርና በመደበኛ በረራ መካከል ያለው ልዩነት ለመንገደኛው ቀላል አይደለም። መደበኛ በረራ አስቀድሞ የታወቀ የጊዜ ሰሌዳ ያለው በመሆኑ ጉዞን ከወራት በፊት ለማቀድና ከሌላ በረራ ጋር ለማገናኘት ያስችላል።

ከበር እስከ በር

የአየሩ ጊዜ ወደ 80 ደቂቃ ከወረደ በኋላ ከጉዞው ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው በመሬት ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሆነ። ታኦዩዋን አውሮፕላን ማረፊያ ከታይፔ መሃል ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1999 ሥራ የጀመረው ፑዶንግም ከሻንጋይ መሃል ከተማ በስተምስራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል ሶንግሻን በታይፔ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ሆንግቻኦ ከሻንጋይ መሃል ከተማ የሚርቀው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ይህን ከግምት ውስጥ በማስገባት ሰኔ 14 ቀን 2010 የሶንግሻን - ሆንግቻኦ በረራ ተጀምሯል። የአየር ርቀቱ ከሌላው መስመር ጋር ተመሳሳይ ቢሆንም መንገደኛው በሁለቱም ከተሞች የሚያደርገው የመኪና ጉዞ በእጅጉ አጥሯል። ሁለቱም ማረፊያዎች ከከተማ ባቡር ጋር የተገናኙ ናቸው። በመሆኑም በጠዋት ከቤቱ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ በሌላው ከተማ ስብሰባ ላይ መገኘት ይችላል። ታኦዩዋን ከታይፔ ጋር በባቡር የተገናኘው ደግሞ በ2017 ነው።

ሁለቱን አማራጮች ለማነጻጸር የሚፈልግ ጉዞ አዘጋጅ የቲኬቱን ዋጋና የበረራውን ደቂቃ ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ጉዞ ጭምር ማስላት ይኖርበታል። በቲኬት ላይ የሚገኘው የዋጋ ቅናሽ ለታክሲ በሚከፈል ሂሳብና በመንገድ መጨናነቅ በሚባክን ሰዓት ሊዋጥ ይችላል።

የተከፈተ መስመር ሊጠብም ይችላል

የቀጥታ በረራው መጀመር ለዘለቄታው የተረጋገጠ ጉዳይ አለመሆኑ የታየው በ2020 ነው። በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት ከየካቲት 10 ቀን 2020 ጀምሮ ከታይዋን ወደ ዋናው ምድር የሚደረጉ የመንገደኞች በረራዎች በጥቂት ከተሞች ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ። ሻንጋይ ክፍት ሆነው ከቀሩት ጥቂት ከተሞች አንዷ ስትሆን ሌሎቹ ቤጂንግ፣ ዢያመን እና ቼንግዱ ነበሩ። ወደ ተጨማሪ ከተሞች የሚደረገው በረራ እንደገና መፈቀድ የጀመረው በመጋቢት 2023 ነው። በእነዚያ ሶስት ዓመታት ወደ ሌሎች የዋናው ምድር ከተሞች መሄድ የፈለገ መንገደኛ እንደ ቀድሞው ዘመን በሶስተኛ ከተማ በኩል ለማለፍ ተገዷል።

የዚህ ዓይነቱ ልምድ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ርቀቱ ከዚህ ጋር ተቀራራቢ በሆነው የአዲስ አበባ - አስመራ መስመር ላይ በ1998 የተቋረጠው በረራ እንደገና የተጀመረው ከ20 ዓመታት በኋላ ሐምሌ 18 ቀን 2018 ነው። በዕለቱ በተደረገው በረራ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ተለያይተው የቆዩ ቤተሰቦች መገናኘታቸው ይታወሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ የሚያደርገው በረራ በመስከረም 2024 እንደገና ተቋርጧል። በሁለቱም አህጉራት የታየው አንድ ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ ሲዘጋ የሚተካው የሁለት ወይም የሶስት ሰዓት መንገድ ሳይሆን በሶስተኛ አገር በኩል የሚደረግ የቀን ሙሉ ጉዞ ነው።

ሰዓትና የጉዞ ሰነድ

በታይፔ እና በሻንጋይ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። ሁለቱም ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በስምንት ሰዓት ይቀድማሉ። በዓመቱ ውስጥ በበጋና በክረምት ሰዓት የመቀየር አሠራርም የላቸውም። ስለዚህ በቲኬቱ ላይ ከሰፈረው የመድረሻ ሰዓት ላይ የመነሻውን በመቀነስ የጉዞውን ርዝመት በቀጥታ ማወቅ ይቻላል። ይህ ግን በሌሎች የእስያ መስመሮች ላይ አይሠራም። ለምሳሌ ሻንጋይ ከቶኪዮ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር የቲኬቱ ሰዓቶች ሲቀናነሱ የሚገኘው ውጤት ወደ አንዱ አቅጣጫ በአንድ ሰዓት የበዛ፣ ወደ ሌላው ደግሞ በአንድ ሰዓት ያነሰ ይሆናል።

አዲስ አበባ ከሁለቱ ከተሞች በአምስት ሰዓት ወደ ኋላ ትገኛለች። ቲኬት የሚጻፈው በየከተማው ሰዓትና ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጥረው በ24 ሰዓት አቆጣጠር በመሆኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለለመደ ሰው ሁለት ለውጥ ያስፈልገዋል። በቲኬቱ ላይ 9፡00 የሚል በሻንጋይ የመነሻ ሰዓት በአዲስ አበባ በዚሁ አቆጣጠር 4፡00፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቲኬቱ 9፡00 ማለቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ የተረዳ መንገደኛ ግን አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎ ይደርሳል።

ከጉዞ ሰነድ አኳያም ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ከሻንጋይ ወደ ታይፔ፣ ወደ ሆንግ ኮንግ ወይም ወደ ማካኦ የሚሄድ የውጭ አገር ዜጋ በኢሚግሬሽን አሠራር ከዋናው ምድር እንደወጣ ይቆጠራል። በመሆኑም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የቻይና ቪዛ የያዘ መንገደኛ ታይፔ ደርሶ ወደ ሻንጋይ ለመመለስ ሌላ ቪዛ ያስፈልገዋል። ታይፔም የራሷ የመግቢያ ፈቃድ አላት። ኢትዮጵያ በቤጂንግ ኤምባሲ ያላት ሲሆን በታይፔ ግን የላትም። የ80 ደቂቃ በረራ የሁለት ዓይነት ሰነድ ዝግጅት እንደሚጠይቅ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ማወቁ ከእንግልት ያድናል።

ከመስመሩ የሚወሰደው ትምህርት

የአንድን በረራ ጊዜ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው። የታይፔ እና የሻንጋይ መስመር እንደሚያሳየው ግን ርቀት ከጥያቄዎቹ የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። አውሮፕላኑ በየትኛው የአየር ክልል በኩል እንደሚያልፍ፣ በመካከል ያርፍ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ቦታ ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መንገደኛው ምን ሰነድ መያዝ እንዳለበት አብሮ መጠየቅ ይገባል።

በ1987 ማመልከቻቸውን ያቀረቡት አረጋውያን ወታደሮች ከተወለዱበት ምድር የሚለያቸው የአየር ርቀት በ1949 ከነበረው በአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተለወጠም ነበር። ቀጥታው መስመር በታኅሣሥ 2008 ሲከፈት በሕይወት የነበሩት ደግሞ ከዚያ ቁጥር ያነሱ ነበሩ። ለተሳፈሩት ጉዞው የ80 ደቂቃ ነበር፤ ለዚያ ጉዞ የጠበቁት ግን 59 ዓመት ነው።